ላብራቶሪው መለሰ፤ ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ግን ሌላ ነበር

በኖቬምበር 2018 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 20,667 የትንፋሽ አልኮል ምርመራዎችን በአንድ ውሳኔ ከማስረጃነት አወጣቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ምርመራዎቹ የተደረጉት በአምስት ካውንቲዎች ውስጥ ነው። ማሽኖቹ አልተሰበሩም። አሽከርካሪዎቹ አልጠጡም ያለም የለም። ነገሩ ሁሉ የመጣው በአንድ ቴርሞሜትር ነው።

መሣሪያው በየስድስት ወሩ ይፈተሻል። ፈታሹ የአልኮል መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ ይዞ ይመጣና 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ያሞቀዋል። ከሰው አፍ የሚወጣ ትንፋሽ ሙቀቱ ወደዚያ ስለሚጠጋ ነው። ከፈሳሹ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ማሽኑ ይገባል፤ ማሽኑም «0.10 ማለት ይህ ነው» ብሎ ይይዘዋል (ቁጥሩ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለ የአልኮል ግራም ነው)። ፈሳሹ ከ34 ዲግሪ በታች ሆኖ ከተገኘ ግን በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው አልኮል ያንሳል። ማሽኑ ያችን ትንሽ አልኮል 0.10 ብሎ ተማረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚነፋበትን ሰው ሁሉ አብዝቶ ያነብበታል። አንድ ዲግሪ ብቻ ውጤቱን ከ6 እስከ 7 በመቶ ያዛባል። ሕጉ 0.08 ላይ መስመር ሲያሰምር፣ 0.076 የነበረ ሰው በዚህች ልዩነት መስመሩን ተሻግሮ ጥፋተኛ ይሆናል።

ለዚህ ነው ከማሽኑ ጋር ከሚመጣው ቴርሞሜትር ሌላ፣ በብሔራዊ የልኬት ተቋም ደረጃ የተመሰከረለት ቴርሞሜትር ፈሳሹ ውስጥ ገብቶ እንዲለካ የሚታዘዘው። አንድ የፖሊስ ሳጅን ይህን እርምጃ እየዘለለ «ፈትሻለሁ» ብሎ ፈርሟል ተብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱም የማሽኖቹን ትክክለኛነት ማስረዳት የሚችል ማስረጃ ስለጠፋ ቁጥሮቹን አልቀበልም አለ።

ይህን ጉዳይ ያነሳሁት ፖሊስ ለማማት ብዬ አይደለም። ስለ አልኮልና ስለ ዕፅ ምርመራ ሲወራ ክርክሩ ሁሌ «ማሽኑ ይሳሳታል ወይስ አይሳሳትም» የሚል ይሆናል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ምርመራው የመለሰው የትኛውን ጥያቄ ነው? ትንፋሽ ስለ አሁን ይናገራል። ሽንት ስላለፉት ቀናት፣ ፀጉር ደግሞ ስላለፉት ወራት። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው መሪ በያዘባት ሰዓት ሰክሮ ነበር ወይ? ይህች እናት ልጅ ማሳደግ ትችላለች ወይ? በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። ክፍተቱን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው፤ ሰው የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

ትንፋሽና ብርሌ

የትንፋሽ መመርመሪያ ደም አያይም። የሚለካው ከሳንባ የወጣውን አየር ነው፤ ወደ ደም የሚቀይረው በስሌት ነው። በአሜሪካ በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ተብሎ ይሰላል። በእንግሊዝ ቁጥሩ 2,300 ነው። የእንግሊዞች ሳንባ ከአሜሪካኖቹ ስለሚለይ አይመስለኝም! እውነቱን ለመናገር ይህ ምጣኔ ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንድ ሰው ላይ እንኳ ከሰዓት ሰዓት ይቀያየራል። ሕግ አውጪዎች ይህን ክርክር ያመለጡት በብልሃት ነው። ወንጀሉን በራሱ በትንፋሽ መጠን ደነገጉት። በእንግሊዝ መስመሩ በ100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ 35 ማይክሮግራም ነው። በእስራኤል በአንድ ሊትር ትንፋሽ 240 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ለወጣት፣ ለአዲስና ለንግድ መኪና አሽከርካሪዎች ወደ 50 ይወርዳል። 50 ማለት አንድ ቢራ እንኳ ሊያስይዝ ይችላል። ቴል አቪቭ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል። በኢትዮጵያ ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 0.08 ማለት ስለሆነ ከአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ጋር አንድ ነው።

ሌላው ችግር አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ነው። ሰው ካገሳ ወይም ጨጓራው ወደ ላይ ከመለሰበት፣ ከሳንባ ያልመጣ አልኮል ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከመንፋቱ በፊት ተመርማሪውን ለ15 ደቂቃ በዓይን መከታተል ግዴታ ነው፤ በኒው ጀርሲ 20 ደቂቃ ነው። ጎበዝ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ፖሊሱ በእነዚያ ደቂቃዎች ፎርም ሲሞላ ወይም ስልክ ሲያወራ ቪዲዮው ላይ ከታየ፣ ውጤቱ ችግር ላይ ወደቀ።

ትንፋሹ በትክክል ተለካ እንበል። ሰውየው የተያዘው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የነፋው ደግሞ 5 ሰዓት ላይ። 0.07 አወጣ። 3 ሰዓት ላይ ስንት ነበር? እዚህ ላይ ባለሙያ ይጠራና ወደ ኋላ ያሰላል። ስሌቱ ኤሪክ ዊድማርክ የተባለው ስዊድናዊ ሳይንቲስት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካወጣው ቀመር የመጣ ነው። ሰውነት በሰዓት ከ0.010 እስከ 0.025 ያህል አልኮል ያስወግዳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ0.02 እስከ 0.05 ወርዷል፤ 3 ሰዓት ላይ ከ0.09 እስከ 0.12 ነበር ማለት ነው። ጥፋተኛ!

ቆይ ግን። ይህ የሚሠራው የጠጣው ሁሉ 3 ሰዓት ላይ ደም ውስጥ ገብቶ ካለቀ ብቻ ነው። ሰውየው በክትፎ ሆዱን ሞልቶ ከሆነና የመጨረሻውን ብርጭቆ የጨለጠው ከመነሳቱ በፊት ከሆነ፣ አልኮሉ ገና ከሆድ ወደ ደም እየገባ ነበር። መኪናው ውስጥ ሳለ 0.05 ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያ ሲደርስ ግን 0.07። ያው ቁጥር በአንዱ ታሪክ ያስፈርዳል፣ በሌላው ነጻ ያወጣል።

የእኛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። የዊድማርክ ቀመር የሚጀምረው «ምን ያህል አልኮል ጠጣ» ከሚለው ነው። ቢራና ውስኪ ላይ መጠኑ ተጽፏል። የቤት ጠጅ ላይ ማን ጻፈው? አንዱ ቤት ያለው ብርዝ ከመባል ብዙ አያልፍም፣ ሌላው ቤት ያለው ደግሞ ከወይን ጠጅ በላይ ይጠነክራል። ጠላም አረቄም እንዲሁ ነው። «ሁለት ብርሌ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው ራሱን የሚያድን ይመስለዋል። ለባለሙያው የሰጠው ግን ሊያሰላበት የማይችለው ቁጥር ነው። ዓቃቤ ሕጉ የሚይዝለት ደግሞ «ጠጥቻለሁ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

ግራጫ ክዳን

ደም ከትንፋሽ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ይህን የሚክድ ባለሙያ የለም። ግን ደሙ ምን ውስጥ ተቀዳ? ለፍርድ የሚቀዳ ደም ግራጫ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ውስጡ ሶዲየም ፍሎራይድና ፖታሲየም ኦክሳሌት የተባሉ ዱቄቶች አሉ። አንደኛው ረቂቅ ተሕዋስያን በስኳር ላይ ሠርተው አልኮል እንዳይፈጥሩ ያግዳል፤ ሌላኛው ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ነርሷ ብልቃጡን ገልበጥ መለስ እያደረገች ካላዋሐደችው ዱቄቱ ታች ይቀመጣል። ክንዱን የጠረገችበት ጥጥም አልኮል የሌለው መሆን አለበት።

ከዚህ በላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰው ተጋጭቶ ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሞች ለሕክምና ብለው ደሙን ያያሉ። እነሱ የሚለኩት ሙሉ ደምን ሳይሆን ቀይ ሕዋሳቱ የወጡለትን ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ውሃ ስለሚበዛበት አልኮሉ እዚያ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 በመቶ ይሆናል። የሆስፒታል ወረቀት 0.09 ካለ፣ በሙሉ ደም ሲተረጎም 0.078 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ አልተሳሳተም። እሱ የፈለገው በሽተኛውን ማከም ነው፤ ዓቃቤ ሕግ ወረቀቱን ለሌላ ጥያቄ ሲያውለው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ይኸው ጉዳይ በካናቢስ ላይ ሲመጣ ይብሳል። እንግሊዝ ከ2015 ጀምሮ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 2 ናኖግራም ቲኤችሲ (የካናቢሱ አስካሪ ንጥረ ነገር) ወሰን አድርጋለች። ጀርመን በኦገስት 2024 ወሰኗን ወደ 3.5 ከፍ አደረገች። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ጀርመን ለዘብ አለች ይላል። የጀርመኑ ግን የሚለካው ከሕዋስ በተለየው ፈሳሽ ላይ ነው፤ ቲኤችሲ ደግሞ እዚያ ከሙሉ ደሙ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱ አገሮች ከሞላ ጎደል አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ኮሎራዶ 5 ናኖግራም ትላለች። አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ግን ካቆመ ከቀናት በኋላም በደሙ ውስጥ ቲኤችሲ ሊገኝ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚያጨሰው ደግሞ ገና ዞሮበት ሳለ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል። አልኮል ላይ የለመድነው «ይህን ያህል ከሆነ ሰክሯል» የሚል መስመር ካናቢስ ላይ በሳይንስ አልተገኘም። ሕጎቹ ግን እንደተገኘ አድርገው ተጽፈዋል።

የትራክ ሹፌሩ ኩባያ

አሜሪካ ያለው አንባቢ ይህን ክፍል ቀረብ ብሎ ቢያየው ጥሩ ነው። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይዞ ትራክ የሚነዳ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሐበሻ ጥቂት ነው።

የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚያዘው የሽንት ምርመራ አምስት የዕፅ ዓይነቶችን ይፈልጋል፦ ማሪዋና (ካናቢስ)፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚኖች፣ ኦፒዮይዶችና ፒሲፒ የሚባለው ቅዠት አምጪ ዕፅ። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ቢያንስ 45 ሚሊ ሊትር ሽንት ያስፈልጋል። መጸዳጃው ውስጥ ያለው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል፤ ከውጭ ውሃ ተቀድቶ እንዳይቀላቀል ነው። ኩባያው በተሰጠ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ይነበባል፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ ሽንቱ ሹፌሩ እያየ ለሁለት ብልቃጥ ይከፈላል፣ ይታሸጋል፣ ይፈረምበታል። አልሰጥም ብሎ ጥሎ መሄድ ፖዘቲቭ እንደመሆን ይቆጠራል።

ላብራቶሪው መጀመሪያ ርካሽና ፈጣን የሆነውን የማጣሪያ ምርመራ ያደርጋል። ይህ ምርመራ መልክ የሚመሳሰሉ ሞለኪውሎችን ስለሚያምታታ ብቻውን አይታመንም። ማጣሪያው የያዘው ሁሉ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይረጋገጣል፤ ይህ ዘዴ የሞለኪውሉን አሻራ ያነባል ማለት ይቻላል። ለማሪዋና ማጣሪያው 50 ናኖግራም ላይ፣ ማረጋገጫው 15 ላይ ተቀምጧል። ወሰን የት እንደሚቀመጥ መወሰኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ የሞርፊን ወሰን 300 ናኖግራም ነበር። ሞርፊን የሚወጣበት የፓፒ ተክል ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦ የበሉ ሰዎች ፖዘቲቭ እየሆኑ ስላስቸገሩ በ1998 ወደ 2,000 ከፍ ተደረገ።

ማረጋገጫውም ፖዘቲቭ ከሆነ ውጤቱ በቀጥታ ወደ አለቃ አይሄድም። ሐኪም የሆነ ገምጋሚ ሹፌሩን በስልክ ይፈልገዋል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለ ማስረጃውን ማቅረብ የሚቻለው ያኔ ነው። ሁለተኛው ብልቃጥ በሌላ ላብራቶሪ ይመርመርልኝ ለማለትም ከዚያ ንግግር ጀምሮ 72 ሰዓት አለ። እኛ ደግሞ የማናውቀው ቁጥር ሲደውል አናነሳም፤ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ወይም አጭበርባሪ ነው እንላለን። ምርመራ የሰጠ ሹፌር በዚያ ሳምንት ያንሳ። ገምጋሚው ሳያገኘው ከቀረ ውጤቱ ያለ እሱ ቃል ይጸድቃል።

ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ እንዲህ ያለ ውጤት በፌዴራሉ የመረጃ ቋት ይመዘገባል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ግዛቶቹ ሲዲኤሉን ራሱን ዝቅ እንዲያደርጉ ይገደዳሉ። ሜሪላንድ ማሪዋናን ብትፈቅድ፣ ቨርጂኒያም ብትፈቅድ፣ ለዚህ ሹፌር ለውጥ የለውም። ሱቅ የተገዛ ሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ የማያሰክር ንጥረ ነገር) ዘይትም ሰበብ አይሆንም፤ መሥሪያ ቤቱ ይህን በ2020 በግልጽ አሳውቋል።

እንግዲህ የሽንቱ ምርመራ ምን መለሰ? የማሪዋና ሽንት ምርመራ የሚያየው ሰውነት አድቅቆ የሚያስወጣውን፣ ራሱ የማያሰክረውን ቅሪት ነው። ቀናት፣ አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ላይ ሳምንታትም ይቆያል። «ተጠቅሟል» ይላል። «ሲነዳ ደንዝዞ ነበር» ብሎ መናገር ፈጽሞ አይችልም። ሥራ ለመቅጠር ያ ይበቃ ይሆናል። አደጋ ደርሶ ሰው ሞቶ ክስ ሲመሠረት ግን ያንኑ ወረቀት ለማያውቀው ነገር ምስክር ማድረግ ነው።

አልኮል ላይም ተመሳሳይ አለ። ኢቲጂ የሚባል ቅሪት ሰው መጠጣቱን በሽንቱ እስከ ሦስት ቀን ገደማ ያሳብቃል። በአመክሮ ላይ ያለ ሰው ወይም በልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት የቆመ ወላጅ ብዙ ጊዜ በዚህ ይመረመራል። ችግሩ ምርመራው እጅግ ጥቂት አልኮልን እንኳ የሚይዝ መሆኑ ነው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃና የአፍ መጉመጥመጫ ሊያስነሳው ይችላል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ገና በ2006 በዚህ ብቻ ተመሥርቶ ሰው አይቀጣ ብለው አስጠንቅቀዋል።

ጫቱ ሲያድር

ጫት በአሜሪካ የተከለከለ ነው ይባላል፤ በተግባርም ያስይዛል። የፌዴራሉን የዕፅ ዝርዝር ላገላበጠ ግን ተክሉ በስሙ አይገኝም። ያለው ካቲኖን ነው፤ ከ1993 ጀምሮ በመጀመሪያው፣ ማለትም በከባዱ ምድብ ተቀምጧል። ካቲን ደግሞ በቀላሉ በአራተኛው ምድብ ነው። ካቲኖን ለጋ ቅጠል ላይ የሚገኘው ኃይለኛው ንጥረ ነገር ነው። ጫቱ ተቆርጦ ሲውል ሲያድር ወደ ካቲን ይለወጣል። አወዳይ ላይ ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እየተሮጠ አውሮፕላን የሚጫነው ለምን እንደሆነ ለቃሚ ሁሉ ያውቃል፤ ኬሚስትሪው ይኸው ነው።

ለፍርድ ሲመጣ እንዲህ ይሆናል። ያው እስር ጫት ዛሬ ቢመረመር ከባድ ወንጀል፣ ፖሊስ መጋዘን ውስጥ ሙቀት ላይ ሰንብቶ ቢመረመር ቀላል ወንጀል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላብራቶሪዎች ናሙናውን ቶሎ ማቀዝቀዝ ወይም ማድረቅ ይወዳሉ። በደንብ የደረቀ ጫት ካቲኖኑን ለረጅም ጊዜ እንደሚይዝ ታይቷል። ደርቆ በፖስታ የሚላከውን «አያስይዝም» ብሎ ለሚያስብ ይህ መጥፎ ዜና ነው።

የዕውቀት ጥያቄም አለ። ቴነሲና ኦሃዮን የሚያካትተው ስድስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 የአንድ ጫት ተከሳሽን ጥፋተኝነት ሽሮታል። ሰውየው ጫት መያዙን ያውቃል። በውስጡ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለ ማወቁን ግን ዓቃቤ ሕግ አላስረዳም ተባለ። ይህ በር ዛሬ ሰፊ ነው ብሎ መመካት ሞኝነት ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ጫት ያልሰማ ማን አለ?

ዜግነት ላላገኘ ሰው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ከቅጣቱም በላይ ይከብዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እንደወሰነው፣ ሰውን በዕፅ ጥፋት ከአገር ለማስወጣት ጥፋቱ በፌዴራሉ ዝርዝር ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ጋር መያያዝ አለበት። በ2010 ደግሞ ጠበቃ ደንበኛውን «ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ልትባረር ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። ላብራቶሪው ሳይመልስ «ልገላገል» ብሎ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ሰው፣ የሚገላገለው ከዳኛው ብቻ ነው።

የቶሮንቶ ፀጉር

ከሁሉም የከፋው ታሪክ የፀጉር ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ መመርመር የሦስት ወር ታሪክ ማንበብ ነው ይባላል። በቶሮንቶ የሕጻናት ሆስፒታል ሥር የነበረው ማዘሪስክ የተባለ ላብራቶሪ ይህን አገልግሎት ለሕጻናት ጥበቃ ድርጅቶች ይሸጥ ነበር። ከ2005 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ16,000 በላይ ሰዎች ተመርምረዋል። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። የሚጠበቀው ውሳኔ ደግሞ የገንዘብ ቅጣት አልነበረም፤ ልጅን መነጠቅ ነው።

በ2014 የኦንታሪዮ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለልጇ ኮኬይን ሰጥታለች ተብላ የተፈረደባትን የአንዲት እናት የኮኬይን ጥፋተኝነት ሻረ። ሌላ ባለሙያ የላብራቶሪውን ዘዴ አይቶ ጥያቄ ስላነሳ ነው። ከዚያ በጡረታ ላይ ያሉት ዳኛ ሱዛን ላንግ አጣሩ፤ በዲሴምበር 2015 ሪፖርታቸውን አወጡ። ላብራቶሪው እስከ 2010 ድረስ ከላይ ያልነውን የማጣሪያ ምርመራ ብቻ አድርጎ፣ ሳያረጋግጥ፣ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ መልስ ይሰጥ ነበር። ፀጉሩን ሳያጥብ የመረመረበት ጊዜ አለ፤ ከውጭ አየር ወይም ከሰው እጅ የተነካካውን ከውስጥ ከበቀለው መለየት አይቻልም ማለት ነው። ላንግ ለሕጻናት ጥበቃም ለወንጀል ጉዳይም የማይበቃና የማይታመን ነው አሉት።

ኬሚስትሪው አንድ ነገር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ የፍርድ ቤቱ ዝምታ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ዳኞች፣ ጠበቆችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ያንን ወረቀት እያገላበጡ አልፈዋል። የወንጀል ፍርድ ቤት ውስጥ ቢሆን «ያረጋገጥክበት ምርመራ የታል?» የሚል ቢያንስ አንድ ሰው ይኖራል። የቤተሰብ ችሎት ላይ ግን እናትየዋ «አልወሰድኩም» ስትል፣ ማስተባበሏ ራሱ ችግሯን አለመቀበሏ ተብሎ ይመዘገብባት ነበር። ጉዳዩን በኋላ የመረመሩት ጁዲት ቢማን በ2018 እንደገለጹት፣ ምርመራው የወደቀው በድሆች ላይ ነው፤ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ደግሞ ከድርሻቸው በላይ ተጎድተዋል። ኮሚሽናቸው ካያቸው ከ1,200 በላይ መዝገቦች መካከል በ56ቱ የፀጉሩ ውጤት ውሳኔው ላይ ከባድ ተጽዕኖ ነበረው። ልጅ የተመለሰላቸው ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጉዲፈቻ አንዴ ከጸና አይፈርስምና።

ለእኛ ለጥቁር ፀጉር ባለቤቶች ተጨማሪ ነገር አለ። ኮኬይንን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ለፀጉር ጥቁረት በሚሰጠው ሜላኒን ላይ ይበልጥ ይጣበቃሉ። ያንኑ መጠን የተነካኩ ሁለት ሰዎች፣ ባለ ጥቁር ፀጉሩ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የቦስተን ፖሊስ ባልደረቦቹን በፀጉር መመርመር የጀመረው በ1999 ነው። ጥቁር ፖሊሶች አድልዎ ነው ብለው ከሰሱ። ከጥቁሮቹ ከ98 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ ከ99 በመቶ በላይ አልፈዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በ2014 ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊባል እንደማይችል ተቀብሎ፣ ምርመራው በጥቁሮቹ ላይ ያልተመጣጠነ ጫና ማሳረፉ በማስረጃ ታይቷል አለ። ፀጉር ቀለም የተቀባ ወይም የነጣ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ሊወርድ ይችላል። ፀጉር ቤት የሄደች ስታመልጥ፣ ሹሩባ ተሠርታ ያልተቀባችው ትያዛለች።

ወረቀቱን ማን ይከራከረው?

በአሜሪካ የወንጀል ክስ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 የላብራቶሪ ወረቀት ብቻውን አይመሰክርም፣ የመረመረው ባለሙያ ቀርቦ ይጠየቅ አለ። በ2011 በአንድ የሰካራም ነጂ ጉዳይ ላይ፣ የመረመረው ቀርቶ ሌላ ባልደረባው ቢመጣ አይበቃም ብሎ አጠበቀው። በ2024ም መሥመሩን ይበልጥ አጠናክሮታል። ይህ መብት ግን የወንጀል ተከሳሽ መብት ነው። የልጅ ጉዳይ፣ የሥራ ጉዳይ፣ የስደት ጉዳይ ላይ በዚያ ልክ የለም፤ ምርመራው በብዛት የሚውለው ደግሞ እዚያው ነው።

ስለዚህ ወረቀት የደረሰው ሰው በጠበቃው በኩል ሙሉ ፋይሉን ይጠይቅ። «ፖዘቲቭ» የምትለዋን አንድ ገጽ ማለቴ አይደለም። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተፈረመበት ሰነድ፣ የማጣሪያውና የማረጋገጫው ውጤት ለየብቻ፣ የማሽኑ የፍተሻ መዝገብ፣ የተጠቀሙበት ወሰን፣ ለሆስፒታል ደም ከሆነም ሙሉ ደም ይሁን ፈሳሹ ብቻ። ጊዜ ያልፋል፤ ናሙናም ይጣላል። በፌዴራሉ የትራንስፖርት ሥርዓት ላብራቶሪው ፖዘቲቭ የሆነ ሽንት አቀዝቅዞ የማቆየት ግዴታው ለ365 ቀን ነው። ከዚያ በላይ እንዲቆይ የሚፈልግ ሹፌር ዓመቱ ሳያልቅ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።